ሰዓት ሠሪው ሽኩርና ጥቋቁሮቹ እንቁላሎች

ይህን የሚያነብ ሰው ካለ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጻፍ የእኔ ሥራ አይደለም። ፊደል የለየሁት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እዚሁ አሰብ፣ በማታ ትምህርት ነው። እስከ ዛሬም ስጽፍ ሰው ካየኝ ደብተሩን እዘጋለሁ። አስተማሪያችን ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ "ስለምታውቁት አንድ ሰው ጻፉ፤ የግድ ትልቅ ሰው መሆን የለበትም" ሲሉን ሌሎቹ በሳምንት ጽፈው ሰጡ። እኔ ደብተሬን በብብቴ ይዤ አንድ ወር ዞርኩ። ሰው ጠፍቶኝ አልነበረም። ሰውየውን ለመጻፍ የራሴን ጥፋት አብሬ መጻፍ ስላለብኝ ነው።

ሰውየው ሽኩር ይባላል። ሰዓት ሠሪ ነው።

እኔ ወልደየሱስ እባላለሁ። የአንድ የመርከብ ወኪል መሥሪያ ቤት የቀን ዘበኛ ነኝ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሜአለሁ፤ ወገቤ እንቢ ሲለኝ ነው በር ላይ የተቀመጥኩት። የሽኩር ጠረጴዛ ያለችው እኛ በረንዳ ጥግ ላይ ነው። እሱ ወሬ አይወድም፣ እኔ ሰው ፊት መናገር ያሳፍረኛል። ስለዚህ ተስማምተን እንኖራለን። ፍቃዱ የሚባል የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን አለ፣ ደንበኛችን ነው፤ "እናንተ ሁለታችሁ ስትቀመጡ በረንዳው ባዶ ይመስላል" ይለናል።

ሽኩር ሰዓት ሲመጣለት ወዲያው አይከፍተውም። መጀመሪያ ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ አንዲት ጥቁር አጉሊ መነጽር አለችው፣ ቀኝ ዓይኑ ላይ ይሰካታል። በእጁ አይዛትም፣ በቅንድቡና በጉንጩ ነው ቆልፎ የሚይዛት። ወረንጦውን ሲያነሳ ትንፋሹን ይውጣል። እኔም ሳላውቀው አብሬው ትንፋሼን የምይዝበት ጊዜ አለ። "አሰብ ውስጥ ሰዓት የሚሞተው በእርጅና አይደለም፣ በጨው ነው" ይላል። ከራሔይታ መንደር ዓሣ አጥማጆች ባሕር የገባ ሰዓት ሲያመጡለት እንደ ሐኪም፣ "ስንት ቀን ሆነው?" ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ቀን ካሉት ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ሚስቱ አሊማ ትባላለች። ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ ነው አግብቶ ያመጣት። የሚኖሩት ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አባቷ የሎሚ ዛፎች አሏቸው። እሷ ያደገችው ከሎሚ ስር ነው ማለት ይቻላል፤ አሰብ ስትመጣ ግን መሬቱ ነጭ፣ የጉድጓዱ ውሃ ጨው፣ ነፋሱ ትኩስ ሆኖ ጠበቃት። አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ፣ "ጋሼ ወልደየሱስ፣ እዚህ አገር ከሰው በቀር የሚበቅል የለም። ሰውም ቢሆን ተጭኖ ነው የሚመጣ እንጂ በቅሎ አይደለም" አለችኝ። ሁለት ጊዜ ጸንሳ ሁለቱም አልጸናላትም። ይህን ሽኩር አልነገረኝም። ግቢው አንድ ስለሆነ ነው ያወቅሁት።

የሎሚውን ነገር የጀመረው ሽኩር ነው። ደስ እንዲላት ብሎ።

እዚህ ላይ ስለ ውሃው መንገር አለብኝ። የመሥሪያ ቤታችን ኤር ኮንዲሽኖች ጀርባቸው ወደ ግቢው ነው። አራት ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባሉ። ጠብታው ጨው የሌለው ጣፋጭ ውሃ ነው። አሰብ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ከየኤር ኮንዲሽኑ ስር ጣሳ አለ፣ እያንዳንዱ ጣሳ ባለቤት አለው። የመሥሪያ ቤት ጠብታ ደግሞ የዘበኛው ነው። የትም አልተጻፈም፣ ግን ማንም አይነካውም። እኔ ከአራቱ ሁለቱን ለአሊማ ሰጠኋት። በሕይወቴ ለሰው የሰጠሁት ትልቁ ነገር ይኼ ነው፣ አልዋሽም።

የመጀመሪያዋ ችግኝ የሞተችው ጠብታው ሳይኖር ነው። የጉድጓድ ውሃ አጠጧት፤ ቅጠሏ ከዳር ዳር ተቃጥሎ ቀረ። ሁለተኛዋ በጠብታው ደህና አደገች። ከዚያ ትል ወጣባት። ፍቃዱ መጥቶ አያትና፣ "ይህማ ቀላል ነው፤ ትንሽ ናፍታ በውሃ በጥብጣችሁ ቀቧት" አለ። ማጣሪያ የሚሠራ ሰው ያልጸዳ ነገር ሁሉ በናፍታ የሚጸዳ ይመስለዋል። እኛም አመንነው። ትሎቹ ሰኞ ሞቱ። ችግኟ ዓርብ ሞተች። ፍቃዱ አንድ ሳምንት በበረንዳችን አላለፈም። ሲመጣ ለሦስተኛዋ የሚሆን ግማሽ በርሜል፣ ውስጡን አሽቶ አሳጥቦ፣ በትከሻው ተሸክሞ መጣ።

ሦስተኛዋን ያመጣት የአሊማ ወንድም ዘይኑ ነው። ዘይኑ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ከደሴ አሰብ ይመላለሳል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ ገብቶ ረቡዕ ጧት ይወጣል። ችግኟን ከአባቱ ግቢ ነቅሎ፣ አፈሩን በሁለት ጆንያ ጭኖ አመጣላት። በተተከለችበት ቀን እኔ ጣሳ እያስተካከልኩ ነበር። አሊማ እጇን ከአፈሩ ሳታወጣ እንዲህ አለች።

"ሽኩር፣ ይቺ ሦስተኛ ናት። ይቺም ከደረቀች ከዘይኑ ጋር አባቴ ቤት እገባለሁ። ተጣልቼህ አይደለም። ደክሞኝ ነው።"

ሽኩር፣ "እሺ" አለ። በማግስቱ ግን ሥራ ላይ ሳለ አንዲት ብሎን ከወረንጦው አምልጣ ወደቀችበት። ብሎን ሲያመልጠው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ የሆነው አምና፣ በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ ነው። ችግኟ ወገቤ ድረስ ደርሳለች፣ አዲስ ለጋ ቅጠል አውጥታለች። ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ጥቁርና ቢጫ የሆነች ትልቅ ቢራቢሮ ግቢው ውስጥ መዞር ጀመረች። እኔ ቆንጆ ናት ብዬ ነበር። አሊማ ስታያት ፊቷ ተለወጠ። የሎሚ አገር ሰው ስለሆነች ታውቃታለች። ቢራቢሮዋ ከለጋው ቅጠል ጫፍ ላይ አንድ እንቁላል ትጥልና ትሄዳለች፣ ተመልሳ ሌላ ትጥላለች። እንቁላሏ የመርፌ ራስ ታህላለች፣ የቅቤ ጠብታ ትመስላለች። በሦስት በአራት ቀኗ የወፍ ኩስ የመሰለ ትል ይወጣባታል። ትሉ መጀመሪያ የገዛ ቅርፊቱን ነው የሚበላው። ከዚያ ቅጠሉን። በሳምንቱ አረንጓዴ ሆኖ ጣት ያክላል፣ ያኔ በቀን ስንት ቅጠል እንደሚጨርስ እኔ አልነግራችሁም።

ትሎቹን በእጅ እየለቀምን ገደልን፣ እንቁላሎቹን በጥፍር አፈረጥን። ጧት አፍርጠን ማታ ሌላ እናገኛለን። በአሥር ቀን ውስጥ ችግኟ ግማሽ ራቁቷን ቀረች። ዘይኑ የዚያን ጊዜ መጥቶ ማክሰኞ አደረ፤ ረቡዕ ጧት ሲሄድ አሊማ፣ "በሚቀጥለው ስትመጣ ቦታ ያዝልኝ" አለችው። እኔም ሰማሁ፣ ሽኩርም ሰማ። በዚያው ቀን ሳጥኗን ከአልጋ ስር አውጥታ ፀሐይ ላይ ከፈተችው።

ከዚያ ወዲያ ሽኩር ጠረጴዛውን ሳይከፍት በፊት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ያቺን አጉሊ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ ከችግኟ ፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ጀመር። በሽርጡ ብቻ። ፍቃዱ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ በግቢው በር አይቶት፣

"ሽኩር፣ የዛፏ ሰዓት ስንት ይላል?" አለው።

"ወደ ኋላ ቀርታለች" አለ ሽኩር ሳይዞር፣ "እያስተካከልኳት ነው።"

"በናፍታ እንዳይሆን።"

"አንተው ነህ ያልከው፣ እኔ ምን አልኩ።"

ፍቃዱ ሳቀ። ሽኩር ግን አልሳቀም፣ የሆነ ነገር እያየ ነበር። እሁድ ዕለት ነው ይህ። ምን እንዳየ ለእኔ አልነገረኝም። ባሕርዩ ነው፤ ሰዓት እንኳ ምን እንደሆነ የሚናገረው ከሠራው በኋላ ነው። ብቻ ያን ቀንና በማግስቱ አንዳንድ ቅጠሎች እግር ላይ ቀይ ክር ሲያስር አየሁት። እስከ ኀሙስ ድረስ ክር ያለባቸው ቅጠሎች ላይ ያሉት እንቁላሎች ጥቁር ሆኑ። ቢጫ የነበሩት ማለት ነው። ጥቁር፣ እንደ ከሰል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስኩ።

ኀሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ሽኩር የሰዓት ዕቃ መጥቶልኛል ብሎ ፖስታ ቤት ሄደ። ከተማው እንደ ልማዱ በሙቀቱ ተኝቷል። እኔ ጣሳዎቹን ላይ ብዬ ወደ ግቢው ገባሁ። ጥቋቁሮቹን እንቁላሎች አየሁ፣ ቀዩን ክር አየሁ። እንቁላል ትል ሊወጣበት ሲል እንደሚደበዝዝ አውቃለሁ። እነዚህ ደግሞ ከመደብዘዝ አልፈው ጠቁረዋል፤ ዛሬ ነገ ሊፈለፈሉ ነው አልኩ። ክሩንስ? ወደብ ላይ የተበላሸ ጆንያ ቀይ ቀለም ይቀባል። ቀይ ያለበት ወይ ወደ እሳት ወይ ወደ ባሕር ነው፣ ተሸካሚ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ስድስት ዓመት ቀይ ባየሁ ቁጥር ማስወገድ ነው የለመድኩት። ሽኩር ለመግደል ምልክት አድርጎባቸው ጊዜ ያጣ መሰለኝ። ሽኩር ተጨንቋል፣ እኔ ለሽኩር ምንም አድርጌ አላውቅም፣ ዛሬ ላድርግለት አልኩ።

አሥራ አራት ነበሩ። አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ጥፍር አፈረጥኳቸው። ክሮቹን ፈትቼ፣ እንዳይባክኑ ብዬ፣ በጣቴ ላይ ጠቅልዬ ያዝኩ።

ሽኩር ሲመጣ ክሮቹን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ጨረስኩልህ" አልኩት።

"ምኑን?"

"ጥቋቁሮቹን። አንድ አላስተረፍኩም።"

ክሮቹን አየ። ብዙ ጊዜ አየ። ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገው። እኔ ያኔ ገና አልገባኝም፣ የሚያመሰግነኝ መስሎኝ እየጠበቅሁ ነበር፣ እግዜር ይይልኝ።

"እሺ" አለ። ቆየና፣ "አብሽር ወልዴ። አንተ ምን ታደርግ። ያልነገርኩህ እኔ" አለኝ።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ወሰደኝ። መሳቢያውን ከፍቶ አንዲት የፔኒሲሊን ጠርሙስ አወጣ። አፏ በጥጥ ተወትፏል፣ ውስጧ አንድ የሎሚ ቅጠል አለ። ቅጠሉ ላይ ሁለት ጥቋቁር እንቁላሎች። ሥራ ላይ እያየኋቸው እውላለሁ ብሎ የዚያን ቀን ጧት የቆረጠው ቅጠል ነው። አጉሊ መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጠኝ። ዓይኔ ላይ አልያዝልህ አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ ጭኔ ላይ ወደቀች፤ በመጨረሻ እሱ ራሱ ያዘልኝ። መጀመሪያ ያሳየኝ የእኔን ጥፍር ነው። ጥፍሬ ጫፍ ላይ የተጨፈለቀ ጥቁር ነገር አለ፣ ከጥቁሩ ውስጥ ደግሞ ቁራጭ ክንፍ። ብርጭቆ የመሰለች ክንፍ።

"ትል ክንፍ አለው?" አለኝ።

"የለውም" አልኩ።

"እኔም እንደዚያ ነው ያልኩ።"

ከዚያ በኋላ የነገረኝን፣ ሽኩር በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እሁድ ጧት እንቁላል ሲያይ አንዷ ላይ አቧራ አረፈባት። እፍ ሊላት ሲል አቧራዋ በእግሯ ሄደች። ተርብ ናት፣ ግን ከተርብ ሁሉ ያነሰች፣ ያለ መነጽር የማትታይ። እንቁላሏ ላይ ወጥታ ዞረች፣ በሁለት ቀንዶቿ እየደበደበች ዞረች፣ ጨርቅ እንደሚለካ ልብስ ሰፊ። "መጠኗን እያየች ነው" አለ ሽኩር፣ "ስንት ልጅ እንደምትችል።" ከዚያ ቆመች፣ ከኋላዋ ከፀጉር የቀጠነች መርፌ አውጥታ እንቁላሏን ወጋቻት። ሳትንቀሳቀስ ቆየች። አልቸኮለችም።

"የራሷን እንቁላል ነው የቢራቢሮዋ እንቁላል ውስጥ የምትጥል" አለኝ። "ልጆቿ የውስጡን እየበሉ ያድጋሉ። ትሉ አይወጣም። ቅርፊቱ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ክሩንም ያሰርኩት እሷ የወጋቻቸው ላይ ነው፣ እንዳይነኩ ብዬ። ትል ያለባት በአራት ቀኗ ትፈለፈላለች፤ እነዚህ ግን ጠቁረው ዝም ይላሉ። ቀደም ብላ የጠቆረች አንዷን ትናንት ከፈትኳት።"

"ምን አለባት?"

"ተጣጥፈው ተኝተዋል። እግራቸው፣ ክንፋቸው፣ ሁሉ በቦታው። ዓይናቸው ቀይ ነው ወልዴ። ሰዓት ውስጥ ያለችውን ቀይ ድንጋይ አሳይቼህ የለ? እሷን ነው የሚመስል።" መነጽሩን ከዓይኔ ላይ አነሳ። "ባልከፈትኳት ኖሮ እያልኩ ነው ያደርኩ።"

እሱ አንዷን ከፍቶ እንቅልፍ አጥቷል። እኔ አሥራ አራት አፍርጬ ምሳዬን በልቻለሁ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

"ለአሊማ እኔ ልንገራት" አልኩ።

"ስለ ጥቋቁሮቹ ትናንት ማታ ነግሬአታለሁ። ማፍረጥህን ግን አትንገራት። ሁለት አሉ። ሁለት ካሉ አላህ ያውቃል።"

"ሁለት ምን ይሠራሉ?"

"እኔ ሰዓት እንዲሄድ አላደርግም" አለ፣ "ሰዓቱ ራሱ መሄድ ያውቃል። ጨውን ነው የማወጣለት። ይቺም ዛፍ ጠጋኝ አላት። እኛ ካልገደልንባት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙሷን የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ከእሱ ጠረጴዛ ላይ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ያገኛታል፤ የእኛ ኮሪደር ደግሞ በኤር ኮንዲሽኑ ይቀዘቅዛል። በበሩና በኮሪደሩ መካከል፣ ሙቀትም ብርድም የማይበዛበት አንድ የመስኮት ደፍ አለ። እዚያ አስቀምጬ ወንበሬን አጠገቧ አደረግሁ። አለቃዬ ሲወጡ ሲገቡ መድኃኒት የምወስድ መስሏቸው፣ "ተሻለህ?" ይሉኛል። እኔም፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ፍቃዱ ነገሩን ከሽኩር ሰምቶ አላስቀመጠኝም።

"ወልዴ፣ ዕድገት አግኝተሃል አሉ። ከቢሮ ዘበኛ ወደ እንቁላል ዘበኛ።"

ጠርሙሷን ከፀሐዩ ዞር አደረግኋት።

"ዶሮም እኮ ከዚህ በላይ አትቀመጥም። ሃያ አንድ ቀን ነው እሷ፣ አንተ ስንት ተቀጠርክ?"

"አንተ ናፍታህን ጠብቅ" አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ፍቃዱ ለሁለት ቀን ለየሰው ሲያወራው ሰነበተ፣ "ወልደየሱስ መለሰልኝ" እያለ። ከዚያ ግን በየጧቱ ከፈረቃ ሲወጣ ጠርሙሷን ጎንበስ ብሎ ሳያይ አያልፍም ነበር።

ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው፣ እሁድ የለም። እኔ እሁድም መጣሁ።

ግቢ ውስጥ ያለችው ዛፍ ግን እየባሰባት ሄደች። ሽኩር ትሎቹን ይለቅማል፣ አዲሶቹን ቢጫ እንቁላሎች ግን አይነካም፤ ለተርቦቹ ያስቀምጣል። አሊማ ይህን ስታይ እጇን አጣምራ፣ "ተስፋ ቆርጠህ ከሆነ ንገረኝ" አለችው። "ስለ ጥቋቁሮቹ ነግሬሽ የለ፣ ቆይ ትንሽ" አላት። "እኔስ እስከ ማክሰኞ እቆያለሁ" አለች። ሰኞ ዕለት ሳጥኗ ተዘግቶ በር ላይ ቆሟል፣ ገመዱ ብቻ አልታሰረም።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሥራ ገብቼ ጠርሙሷን አነሳሁ። ከጥጡ በታች፣ ጠርሙሷ አንገት ላይ አቧራ አለ። ልጠርግ ጣቴን ሰደድኩና ትዝ አለኝ። ጣቴን መለስኩ። አቧራው ይሄዳል።

እኔ በስም እንኳ ጮክ ብዬ ሰው ጠርቼ አላውቅም። "ሽኩር" አልኩ፤ እንዴት እንዳልኩት እንጃ፣ ወረንጦውን ጥሎ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ። ጠርሙሷን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ግቢው ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። አሊማ ገመዱን ይዛ ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክካለች።

"ነይ እይ" አላት።

"ምኑን?"

"ነይ እንጂ አሊማዬ።"

መነጽሩን ዓይኗ ላይ አደረገላት። እሷ ወዲያው ያዘቻት፣ እንደ እኔ አልወደቀችባትም። ጠርሙሷን ወደ ብርሃኑ አነሳች። ቆየች። እኔ ቆሜ የማየው ከንፈሯን ነው፤ እየቆጠረች ነበር።

"ከአንዷ ሰባት" አለች። "ከዚችኛዋ... አምስት። አንዷ ገና እየወጣች ነው። ቀዳዳው ጠበባት።"

"ታልፈዋለች" አለ ሽኩር።

"ታልፋለች።" ቆየች። "አለፈች።"

አሊማ መነጽሩን አላወረደችም።

"የቢራቢሮዋስ ልጅ?" አለች።

"ተበላች" አለ ሽኩር።

"ያሳዝናል።"

"አዎ፣ ያሳዝናል።"

እሱ ሊያባብላት አልሞከረም፣ "የዓለም ነገር እንዲህ ነው" አላላትም። በኋላ አሊማ፣ "የሰው ቤት ውስጥ ነው ያደጉት" አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

"እኛስ?" አላት።

አሊማ ዓይኗን አንስታ ወደ እኔ ዞረች፣ መነጽሩን ዘረጋችልኝ። "ጋሼ ወልደየሱስ፣ እንካ እይ። ያፈረጥካቸውን እወቃቸው።"

ደነገጥኩ። ለካስ የዚያን ቀን ከክፍሏ መጋረጃ ጀርባ ሆና ሁሉንም አይታ ነበር። ሽኩርም ደነገጠ። "እንግዲያ ለምን አላስቆምሽውም?" አላት።

"በትጋት ነበር የሚሠራ" አለች፣ "እንዴት ብዬ ላስቁመው። እኔም የዚያን ዕለት ገና አላመንኩህም ነበር።" ያን ጊዜ ነው በዚያ ሁሉ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት። ትንሽ ነው፣ በአፍንጫዋ ብቻ።

አየኋቸው። ቢጫ ናቸው፣ ክንፋቸው ዳር ዳሩ ዘርፍ አለው። ዓይናቸው ቀይ ነው፣ ሽኩር እንዳለው። አንዷ ክንፏ ገና አልተዘረጋም፤ በኋላ እግሯ ወደ ኋላ እየላገች ታስተካክለዋለች። ጥፍሬን በኪሴ ከተትኩ።

ሽኩር ጥጡን ነቅሎ ጠርሙሷን ከችግኟ ቅርንጫፍ ላይ በቀይ ክር አሰራት፣ አፏን ወደ ጎን አድርጎ። ሲወጡ አላየናቸውም። ነበሩ፣ ከዚያ የሉም።

በዘጠኝ ሰዓት ዘይኑ ገባ። መኪናውን ከግቢው በር አጠገብ አቆመ፣ እጁን ታጠበ፣ ሳጥኑን በር ላይ አይቶ፣ "ይቺ ናት ዕቃሽ?" አላት። "እሷው ናት" አለች። ሽኩር ይህን ሲሰማ አማቹን ሰላም ብሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። የዚያን ቀን አሊማ እሄዳለሁም አልሄድምም አላለች። እሱም አልጠየቃት። እኔ ሰዓቴ ደርሶ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

በማግስቱ ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሥራዬ በሁለት ሰዓት ነው። ሽኩር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ መነጽሩ ዓይኑ ላይ ተሰክቷል። ፊቱ ግን ሰዓት የለም። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ከግቢው በኩል የዘይኑ መኪና ሞተር ይሰማል።

"ምነው እዚህ?" አልኩት።

"ሳትነሳ ወጣሁ" አለኝ። "ፊቴን አይታ እንዳትቀር ብዬ።"

ይህን ሲለኝ መነጽሩን አላወለቀም። ገባኝ፤ ከመነጽሩ ጀርባ ያለውን ዓይን ሰው አያየውም። "ሂድና እይልኝ" ግን አላለኝም። እኔው ነኝ የሄድኩት።

በግቢው በር አሻግሬ አየሁ። ዘይኑ መሪው ላይ ሆኖ፣ "አሊማ፣ ነይ እንጂ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ የማንዳን በረሃ እንለፍ" ይላል። አሊማ ከችግኟ ፊት፣ ሽኩር ይቀመጥበት በነበረው ድንጋይ ላይ ናት። መነጽር የላትም። ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች አንድ ቅጠል ጫፍ ላይ ያለች ቢጫ እንቁላል ታያለች። እንቁላሏ ላይ አቧራ የምታህል ነገር አለች፤ እኔ ከሩቅ ነኝ፣ አላየኋትም፣ አሊማ ግን ትንፋሿን ይዛ ነበር። ከዚያ ተነስታ ሳጥኗን ከፈተች። ከልብሶቿ ስር ሁለት ባዶ ጆንያ አወጣች፣ አፈሩ የመጣባቸውን፣ አጥባ አጣጥፋ ያስቀመጠቻቸውን። ወደ መኪናው ሄዳ በመስኮቱ ሰጠችው።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለ ዘይኑ።

"አባባን፣ ከትልቁ ዛፍ ስር ያለውን አፈር ሙላልኝ በለው። ችግኝም ሁለት።"

"አንቺስ?"

"እኔ ውሃ ላጠጣ ነው" አለች፣ ጣሳውን አንስታ።

ዘይኑ ጆንያዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ማርሽ አስገባ።

ወደ በረንዳው ተመለስኩ። ሽኩር አንገቱን አላነሳም። መኪናው በፊት ለፊታችን አልፎ እስኪሄድ ድረስ ጠበቀ፤ ወደ መኪናው ግን አላየም።

"ሄደች?" አለኝ።

"ሁለት ጆንያ ሰጠችው" አልኩ። መናገር ሲጀምረኝ ሁልጊዜ መሐሉን ነው የማስቀድመው። "ለአፈር። ችግኝም ሁለት ብላለች።"

ሽኩር መነጽሩን አወለቀ። በሽርጡ ጫፍ ጠረጋት፣ ዓይኑንም በዚያው ጠረገ። መሳቢያውን ከፍቶ ከቀዩ ክር አንድ ክንድ ያህል ለካ፣ በመቀሱ ቆረጠ፣ መነጽሩን በእጁ ይዞ ወደ ግቢው ገባ። ጠረጴዛውን እስከ አራት ሰዓት ድረስ አልከፈተም። ሰዓታቸውን ሊወስዱ የመጡትን ሰዎች፣ "ሥራ ይዟል፣ ቆይታችሁ ኑ" እያልኩ የመለስኳቸው እኔ ነኝ።